ፍላሼ «ፎርማት አድርጊኝ» ይለኛል፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጡ ነው

ጣናዳር — ማክሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለቤቱ። እስከ ዛሬ ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጨነቀኝ።

32 ጊጋ ፍላሽ አለኝ። እሑድ ዕለት የመመረቂያ ጽሑፌን ላሳትም ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጁ ፍላሹን ሰክቶ ፋይሉን ከፈተልኝ። ምዕራፍ አምስት ላይ አማካሪዬ አስተካክዪ ያለኝን እዚያው ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳርም ቆየሁ፣ ሴቭ አደረግሁ፣ ማተም ጀመረ። ገጽ 41 ላይ መብራት ሄደ። ጀነሬተር የላቸውም። ፍላሼን ነቅዬ የታተመውን ይዤ ወጣሁ።

ማታ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው የመሰካት ድምፁ ይሰማል፣ የፍላሹም መብራት ይበራል። ልከፍተው ስል ግን መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት የሚል ሳጥን ይመጣል። የወንድሜም ላፕቶፕ ላይ እንደዚያው ነው። የጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም፣ ድምፅም መብራትም። ላፕቶፔ ላይ ያለው ቅጂ የሦስት ሳምንት ነው። ዲፌንሴ የዛሬ ዘጠኝ ቀን። ምን ላድርግ?

ፈጣኑ — ማክሰኞ ማታ 2:21

ወንድሜ አትጨነቅ፣ ፎርማት አድርገው እንደ አዲስ ይሠራል። እኔ አሥር ጊዜ አድርጌዋለሁ።

መበየጃ — ማክሰኞ ማታ 2:48

ጣናዳር፣ ያ ሳጥን ሲመጣ ዝጊው፤ ፎርማት የሚለውን እንዳትነኪ። (ፈጣኑ፣ ርዕሱን እንኳ ሳታነብ ነው የመለስከው፤ «አድርጊኝ» ይላል።)

ፈጣኑ ፍላሹ እንደ አዲስ ይሠራል ያለው እውነት ነው። ጽሑፉ ነው የማይኖረው። ፈጣን ፎርማት ፋይሉን ራሱን አይደመስስም፤ የሚደመስሰው የትኛው ፋይል የት የት እንደተቀመጠ የሚያሳየውን መዝገብ ነው። ፋይሉ በአንድ መስመር ተከታትሎ ከተቀመጠ በኋላም ይወጣል። ተበጣጥሶ ከተቀመጠ ግን ያለዚያ መዝገብ ቁርጥራጩን ማን ይገጣጥመዋል?

አሥራ አንድ ዓመት ጥገና ላይ ተቀምጫለሁ፤ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚለው፦ «አያነብም»። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ኮምፒውተሩ ከነጭራሹ አልሰማውም ወይስ ሰምቶት አልገባውም ነው። የሁለቱ መድኃኒት አይገናኝም።

አልሰማውም የምለው ድምፅም መብራትም ከሌለ ነው። የዩኤስቢ መሰኪያ ውስጥ አራት ቀጫጭን መዳቦች አሉ፤ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ 5 ቮልት ኃይል ያመላልሳሉ፣ መሐል ያሉት ሁለቱ ዳታ። የዳሮቹ ትንሽ ረዘም ይላሉ፣ ስትሰኪው ኃይሉ ቀድሞ እንዲገባ ተብሎ። ስለዚህ መብራቱ በርቶ ድምፅ ከሌለ አንዳንዴ ኃይሉ ደርሶ ከመሐሎቹ አንዱ ተቆርጧል ማለት ነው። ፍላሽ የተሰካበት ላፕቶፕ ጭን ላይ ሲቀመጥ፣ ልጅ ሲገፋው፣ ጠረጴዛ ጥግ ሲመታው መሰኪያው ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ይሰነጠቃል። እኔ ጋ ከሚመጣው ግማሽ ያህሉ ይሄ ነው፤ አራት ነጥብ ሶልደር ሲነካ ይነሣል። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ደግሞ መጀመሪያ የኋላውን ፖርት ሞክሩ። የፊተኛው በቀጭን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሽቦው ሲላቀቅ ጥፋቱ በፍላሹ ይላከካል።

ሰምቶት አልገባውም የምለው ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የተሰኩትን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት) ላይ «አንኖውን ዩኤስቢ ዲቫይስ» ብሎ ኮድ 43 ሲያወጣ ነው። ኮምፒውተሩ «ማነህ?» ብሎ ጠይቆ የረባ መልስ አላገኘም። እዚህ ላይ ሰው ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ሲያወርድ ያድራል። ሦስት ኮምፒውተር ላይ ኮድ 43 ካለ ጥፋቱ የፍላሹ ነው፤ ድራይቨሩን ተዉት። ወድቆ ከሆነ ውስጡ ያለችው 12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ተሰንጥቃ ይሆናል። ርካሽ ዕቃ ናት፣ ትቀየራለች።

ያንቺ ግን ድምፅ አለው፣ መብራት አለው፣ ስሙንም ተናግሯል። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስ አንድ ላይ ተጫኚ፣ ዲስክ ማኔጅመንት ግቢ፣ ከታች የፍላሹ ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን እዚህ ገልብጪልኝ። ሌላ ምንም አትንኪ።

የጓደኛሽ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 አይደለም? ሰማያዊው (የዩኤስቢ 3) ፖርት ላይ ሰክታችሁትስ አይደለም?

ቶነር_አለቀ — ማክሰኞ ማታ 3:02

አራት ዓመት ኮፒ ቤት ሠርቻለሁ። እኛ ከፍላሽ ላይ ቀጥታ አናትምም፤ ቫይረስም ስላለ፣ ደንበኛው ቸኩሎ ስለሚነቅለውም። ዴስክቶፕ ላይ ገልብጠን ነው የምንከፍተው። ሄደሽ ልጁን ጠይቂው እህቴ።

ጣናዳር — ማክሰኞ ማታ 3:10

አመሰግናለሁ መበየጃ። ዲስክ ማኔጅመንት ላይ «ኢ» የሚል ፊደል አለው፣ 28.9 ጊጋ፣ «ሮው» ይላል። 32 ጊጋ ብዬ ነው የገዛሁት፣ ይሄም መጉደሉ የብልሽቱ ይሆን?

አዎ፣ የጓደኛዬ ዊንዶውስ 7 ነው። እንዴት አወቅህ?!

ቶነር_አለቀ፣ እኔ ራሴ ስከፍተው አይቻለሁ፣ ከፍላሹ ነው የከፈተው።

መበየጃ — ማክሰኞ ማታ 3:26

ደግ ዜና ነው። መጠኑን በትክክል ካወቀው ውስጡ ያለው ቺፕ እየመለሰ ነው ማለት ነው። የምፈራው መጠኑ ባዶ ሆኖ «ኖ ሚዲያ» ቢል ነበር፤ ያኔ አንጎሉ (መቆጣጠሪያው ቺፕ) በሕይወት ኖሮ ማስታወሻው ሞቷል፣ በሶፍትዌር አይነሣም።

28.9 ጤነኛ ነው። ፋብሪካው ጊጋን በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024፤ 32 ቢሊዮን ባይት በዊንዶውስ አቆጣጠር 29.8 ይመጣል። ከዚያ ላይ ቺፑ የተበላሸ ቦታ ቢያጋጥመው የሚተካበት መጠባበቂያ ይይዛል።

«ሮው» ማለት ኮምፒውተሩ ዕቃውን አይቶታል፣ የፋይል ሥርዓቱን ግን አላወቀውም። መጽሐፉ አለ፣ ማውጫው ያለበት የመጀመሪያው ቅጠል ተቀዷል። መብራት ሲሄድ እዚያ ላይ እየጻፈ ነበር።

ስለ ዊንዶውስ 7፦ ከነዩኤስቢ 3 ድራይቨሩ አልወጣም፤ እሱ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ነው አብሮ የመጣው። ድራይቨሩ ካልተጫነ ሰማያዊው ፖርት ለማንኛውም ዕቃ የሞተ ነው። ማውስ ሰክታ ትሞክረው፣ ማውሱም አይሠራላትም። ጥቁሩ ላይ ብትሰኪው ያንኑ «ፎርማት» ይልሽ ነበር።

አሁን ተኚ። ነገ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን እናወጣለን፣ ከዚያ በቅጂው ላይ እንሠራለን።

ካሸር3 — ረቡዕ ጠዋት 1:40

ቼክዲስክ (የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ) ብታደርገውስ? የኔ ባለፈው በሱ ነው የዳነው።

ፔንግዊን — ረቡዕ ጠዋት 2:05

@ካሸር3 «ሮው» ላይ ቼክዲስክ እምቢ ይላል፣ ለሮው አልሠራም ብሎ ይመልስሻል። የሚሠራበት ቦታ ላይም ቢሆን ጠጋኝ እንጂ አዳኝ አይደለም፤ የተዛባውን የሚያስተካክለው እዚያው ፍላሹ ላይ እየጻፈ ነው። ባለቤቱ የጠፋበትን ቁራጭ «ፋውንድ.000» የሚል ፎልደር ውስጥ በቁጥር ስም ይከትተዋል፤ የባለቤትነቱን ነገር አንቺ ፈልጊ ነው።

ጣናዳር፣ እኔ ብሆን ሊነክስን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሥርዓት ነው) በሌላ ፍላሽ አስነሥቼ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ነበር የምገለብጠው። የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው አይቆምም፣ ዘሎት ይሄድና መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይሞክረዋል።

መበየጃ — ረቡዕ ጠዋት 2:30

ፔንግዊን ልክ ነህ፣ ግን ስምንት ቀን ለቀራት ሰው ሊነክስ አስነሺ ማለት ሌላ ዲፌንስ ጨመርክባት። ንባቡ እምቢ ካለ ወደ አንተ እንመጣለን።

ጣናዳር፣ ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አውርጂ። ላፕቶፕሽ ላይ 35 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ ይኑርሽ። ከላይ የፋይል ስም ስጪ (ቦታው ላፕቶፑ ላይ ይሁን፣ ፍላሹ ላይ አይደለም)፣ ከጎን «ኢ»ን ምረጪ፣ ከዚያ ሪድ የሚለውን። አጠገቡ ራይት የሚል አለ። እሱን ከተጫንሽው ከላፕቶፑ ወደ ፍላሹ ይጽፍና ሁሉም ነገር ያበቃል። ሁለት ሰው አውቃለሁ እንዲህ ያደረገ፣ አንዱ እኔ ነኝ።

ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጊ፣ መብራት ቢሄድ ባትሪው ይያዝ። ፍላሹን ያለ ማራዘሚያ ያለ ሃብ ቀጥታ ሰኪው።

ሚኒባስ_02 — ረቡዕ ቀን 6:15

ክሩን ስለጠለፍኩ ይቅርታ። 128 ጊጋ ፍላሽ ገዝቼ ዘፈን አስሞላሁ። ሙዚቃ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይጫወታል፣ መኪናው ቴፕ ላይ «ኖ ፋይል» ይላል። ድሮ 8 ጊጋ ነበረኝ፣ እሱ ይሠራል። ቴፑ ነው የተበላሸው?

ፔንግዊን — ረቡዕ ቀን 6:40

ቴፕህ ደህና ነው። አዲሱ ፍላሽ ኤክስፋት ወይ ኤንቲኤፍኤስ በሚባል የፋይል ሥርዓት ነው የተዘጋጀው፤ አብዛኛው የመኪና ቴፕ የሚያውቀው ፋት32ን ብቻ ነው። 8 ጊጋው ፋት32 ስለሆነ ነው የሠራው። ችግሩ የዊንዶውስ 10 የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋ በላይ ለሆነ ፍላሽ ፋት32 የሚለውን ምርጫ አያሳይህም። ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም ፎርማት አድርገው፣ እሱ ያሳይሃል። ዘፈኖቹን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ገልብጣቸው። ፋት32 አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፤ ዘፈን ግን እዚያ አይደርስም።

ሚኒባስ_02 — ረቡዕ ቀን 6:44

አራት ጊጋ የሚሞላ ዘፈን ካለ እኔም መስማት አልፈልግም 😂 ከወልዲያ ደሴ አያልቅም። አመሰግናለሁ።

አጅማን_ያለሁ — ረቡዕ ቀን 8:20

ከተነሣ አይቀር፦ እዚህ ከመንገድ ላይ 2 ቴራ የሚል ፍላሽ በርካሽ ገዝቼ ለእናቴ የልጆቼን ቪዲዮ ሞልቼ ላክሁላት። ስሙ ይታያል፣ የመጀመሪያዎቹ ይጫወታሉ፣ ሌላው አልከፈት ይላል። እዚያ ያለው ቲቪ ነው እያሉኝ ነው።

ፔንግዊን — ረቡዕ ቀን 8:51

ቲቪው አይደለም ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ውስጡ ያለው ቺፕ ምናልባት 16 ወይ 32 ጊጋ ነው፤ አንጎሉን «2 ቴራ ነኝ በል» ብለው አስተምረውታል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚቀጥለውን የተቀበለ ይመስላል እንጂ አያስቀምጠውም፣ ወይም የቀደመው ላይ ይደርበዋል። የፋይል ስም ማውጫው መጀመሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ስሙ ይታያል። ሌላ ስትገዛ ከመሙላትህ በፊት ኤችቱቴስትደብሊው በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፈትሸው፤ ፍላሹን እስከ አፉ ይሞላና መልሶ ያነበዋል፣ የጠፋውን ይነግርሃል። ሊነክስ ላይ ኤፍ3 ይባላል። ቪዲዮዎቹ ስልክህ ላይ ካሉ አሁኑኑ ሌላ ቦታ አስቀምጣቸው።

አጅማን_ያለሁ — ረቡዕ ቀን 9:00

ስልኬ ላይ ቦታ ልለቅ ብዬ የትልቋን አጥፍቻቸዋለሁ።

መበየጃ — ረቡዕ ቀን 9:12

ስልክህ ላይ «በቅርብ የጠፉ» የሚል ቦታ አለ፣ አብዛኛው ስልክ 30 ቀን ያህል ያቆያል። አሁን ግባ።

አጅማን_ያለሁ — ረቡዕ ቀን 9:20

አሉ!!! 23 ቀን አልፎታል ይላል። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።

ቤርሼባ — ረቡዕ ማታ 12:30

ጣናዳር ምን ደረሰች? እዚህ እስራኤል ፍላሽን ማንም ፍላሽ አይለውም፣ «ዲስክ ኦን ኪ» ነው የሚባለው። የኛ ሰው ከኢትዮጵያ ገና ሲመጣ «ፍላሽ ስጪኝ» ሲል ሻጭዋ የስልክ መብራት የፈለገ ይመስላታል። ስሙ ክፋር ሳባ ከተማ የነበረው ኤምሲስተምስ የሚባል ኩባንያ የሠራው የመጀመሪያው ፍላሽ ስም ነው፤ 2000 ላይ በአይቢኤም ስም ሲሸጥ የሚይዘው 8 ሜጋ ነበር። ዛሬ ሁለት ዘፈን አይሆንም።

ካሸር3 — ረቡዕ ማታ 1:05

እኔም ልጠይቅ። መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሬ የማንንም ፍላሽ አያነብም። መብራቱ ይበራል፣ ስልክም ቻርጅ ያደርጋል፣ ማውስም ይሠራል። ፍላሽ ብቻ።

መበየጃ — ረቡዕ ማታ 1:15

እሱ አልተበላሸም፣ ተዘግቶባችሁ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ «ዩኤስቢስቶር» የሚባል ቦታ ላይ አንዲት ቁጥር ከ3 ወደ 4 ስትቀየር ማውስና ኪቦርድ ይሠራሉ፣ ማከማቻ ይዘጋል። ገንዘብ ያለበት መሥሪያ ቤት ይህን ማድረጉ አያስገርምም። አይቲዎቻችሁን ጠይቂ፤ ራስሽ ነክተሽ ሥራሽን እንዳታጪ።

ፍላሹ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ጤነኛ ሆኖ እየታየ «ማይ ኮምፒውተር» ላይ ብቻ ከጠፋ ግን ሌላ ነው፤ ፊደል አላገኘም። ቢሮ ውስጥ የጋራ ፎልደር በኔትወርክ ሲታሰር ፍላሹ የሚፈልገውን ፊደል ይይዝበታል። ራይት ክሊክ አድርጎ ራቅ ያለ ፊደል መስጠት ነው።

ጣናዳር — ረቡዕ ማታ 2:50

መጣሁ! ቀን ክፍል ነበርኩ። ሪድን ሦስት ጊዜ አይቼ ነው የተጫንኩት። 27 ደቂቃ ፈጀ፣ 80 በመቶ ላይ መብራት ሄደ (የምሬን ነው)፣ ላፕቶፑ በባትሪ ጨረሰው። ያለ ስሕተት አለቀ ይላል። 28.9 ጊጋ የሆነ አንድ ትልቅ ፋይል አለኝ። አሁንስ?

መበየጃ — ረቡዕ ማታ 3:05

ጎበዝ። ፍላሹን ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው፣ ከእንግዲህ አንፈልገውም።

ቴስትዲስክ የሚባለውን ፕሮግራም አውርጂ። መጫን የለውም፣ ዚፑን መፍታት ብቻ ነው። ጥቁር ስክሪን ነው፣ አትደንግጪ። ያንን ትልቅ ፋይል በማውስ ጎትተሽ የቴስትዲስክ ምልክት ላይ ጣይው፣ በሱ ላይ ይከፈታል። ከዚያ አድቫንስድ፣ ክፍሉን መርጠሽ ቡት። ፍላሽሽ ፋት32 ከነበረ እድለኛ ነሽ፤ ፋት32 የመጀመሪያውን ቅጠል ሌላ ቅጂ ብዙውን ጊዜ 6ኛው ሴክተር ላይ ይደብቃል። «ቡት ሴክተር» ከሚለው ጎን ባድ፣ «ባክአፕ» ከሚለው ጎን ኦኬ ካለ፣ ባክአፕ ቢኤስ የሚለውን። ከዚያ ሊስት ስትዪው ፋይሎችሽን በስማቸው ማየት አለብሽ። ፕሮግራሙ አማርኛውን ስም በጥያቄ ምልክት ሊያሳይሽ ይችላል፣ ጉዳይ የለውም። «ኤ»ን ተጫኚ፣ ሁሉም ይመረጣል፤ ከዚያ ሺፍት ይዘሽ «ሲ»፣ ቦታ ትጠይቅሻለች፣ ዴስክቶፕ ላይ።

ፔንግዊን — ረቡዕ ማታ 3:11

ሁለቱም ባድ ካለ ደግሞ እዚያው ፎልደር ውስጥ ፎቶሬክ አለ። ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ወርድም ፒዲኤፍም ያወጣል።

ጣናዳር — ረቡዕ ማታ 4:20

ባክአፑ ኦኬ አለ!! ፎልደሮቼ ታዩ። ሌላው ሁሉ ወጣ፣ ፎቶዎቼ፣ የቃለ መጠይቅ ድምፆቹ። «ቴሲስ» የሚለው ፎልደር ግን ሲከፈት ውስጡ ቻይንኛ የሚመስል ዝብርቅርቅ ነው፣ የአንዳንዱ ፋይል ዓመት 2089 ይላል።

መበየጃ — ረቡዕ ማታ 4:31

እንግዲህ መብራቱ ሲሄድ እየተጻፈበት የነበረው ያ ፎልደር ነው። ወደ ፔንግዊን መንገድ እንሂድ። በዚያው ቅጂ ላይ ፎቶሬክን ክፈቺ፣ ፋይል ኦፕት ገብተሽ ከሁሉም ላይ ምልክቱን አንሺና ዚፕ የሚለውን ብቻ ምረጪ። የወርድ ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው፣ በሱ ሥር ነው የሚያገኘው። ስማቸው ግን አይኖርም፤ ኤፍ ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ነው የሚሆነው።

ጣናዳር — ኀሙስ ጠዋት 1:15

አልተኛሁም። 212 ፋይል አወጣ። እየከፈትኩ ስዘጋ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሆነ። ከዚያ ወንድሜ ነቅቶ «ለምን ውስጡ ባለው ጽሑፍ አትፈልጊም?» አለኝ። የፎልደሩ መፈለጊያ ላይ ምዕራፍ አምስት ውስጥ ብቻ ያለ አንድ የአማርኛ ቃል ጻፍኩ፤ ዘጠኝ ፋይል ቀረ። አምላኬ ሆይ። ከዘጠኙ ስምንቱ ይከፈታሉ። አዲሱ የቅዳሜ ማታ ነው!!! የሦስት ሳምንቱን ሥራ አገኘሁት ማለት ነው።

ግን የእሑዱ እርማት የለም። ያ አንድ ሰዓት ተኩል የሠራሁት። የማይከፈተው አንዱ ይሆን?

መበየጃ — ኀሙስ ጠዋት 2:00

እንኳን ደስ አለሽ። የማይከፈተውን ወርድ ከፍተሽ፣ ኦፕን ስትዪ ከቁልፉ ጎን ካለችው ቀስት ኦፕን ኤንድ ሪፔር በዪው። ሊሆን ይችላል።

ጣናዳር — ኀሙስ ጠዋት 2:25

ተከፈተ። የድሮ ሰኔ ላይ የጻፍኩት ፕሮፖዛል ነው 😩

ፔንግዊን — ኀሙስ ጠዋት 2:40

በጣም የሚገርም ነው። መዝገቡ ቢበላሽም ይዘቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲቀመጥ ከነበረ ቢያንስ አንድ ቅጂ መገኘት ነበረበት። ወርድ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር አዲስ ነው የሚጽፈው። የእሑድ አንድም ዱካ የለም?

ጣናዳር — ኀሙስ ጠዋት 2:44

አንድም።

ቶነር_አለቀ — ኀሙስ ጠዋት 3:10

እህቴ፣ ማክሰኞ የነገርኩሽ ይኸው ነው። እሑድ ፍላሹ ላይ ምንም አልጻፍሽም። ልጁ ፍላሹን ከፍቶ ፋይልሽን ሲመርጥ አይተሻል፤ ከዚያ ኮንትሮል ሲ፣ ኮንትሮል ቪ አድርጎ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሲከፍት አላየሽም። እጃችን ስለለመደው ደንበኛ አያየውም። አንድ ሰዓት ተኩል ያረምሽው የሱን ኮምፒውተር ላይ ያለውን ነው። እንደኔ ከሆነ ሲያልቅ መልሶ ፍላሽሽ ላይ ሊያደርግልሽ ነበር፣ ምናልባትም እየገለበጠ ሳለ ነው መብራት የሄደው። ፎልደሩ የተበላሸው በዚያ ይሆናል።

ዛሬውኑ ሂጂ። እኛ ቤት ዴስክቶፑ የሚጸዳው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር።

መበየጃ — ኀሙስ ጠዋት 3:18

ቶነር፣ ይሄን ሁሉ ሌሊት አንተን ሳንሰማ ማሳለፋችን ነው የሚያናድደኝ። ጣናዳር፣ ሂጂ። አዲስ ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ።

ቶነር_አለቀ — ኀሙስ ጠዋት 3:25

ፍላሽ አትያዥ፣ በቴሌግራም ለራስሽ ላኪው። የኮፒ ቤት ኮምፒውተር ቫይረስ አይጠፋውም። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የሚመጣው ከየት ሆነና? እሱ እንኳ ሲይዛችሁ አትደንግጡ፤ ፋይሉ አልጠፋም፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው። አንዳንዱ ስም የሌለው ፎልደር ሠርቶ ሁሉን እዚያ ይከተዋል። ቪው ገብታችሁ የተደበቁትንም የሲስተም ፋይሎችንም አሳይ ስትሉት ይወጣል። ሾርትከቱን ብቻ ደብል ክሊክ እንዳታደርጉ።

ጣናዳር — ኀሙስ ቀን 8:05

አገኘሁት።

ልጁ ስገባ አወቀኝ፣ «ያቺ መብራት የሄደባት» አለኝ። ዴስክቶፑ ላይ አንድ መቶ የሚሆን ፋይል አለ፣ የሰው ሲቪ፣ የሰው ውል፣ የሰው ፍቺ ሳይቀር። የኔ ከመካከል «ቴሲስ የመጨረሻ የመጨረሻ 3» ብሎ ተቀምጧል፣ እሑድ 10:52 የተቀየረ። ምዕራፍ አምስት ከነእርማቱ። በቴሌግራም ላክሁት፣ ለአማካሪዬም ለወንድሜም ላክሁት። ከዚያ የኔን ከዚያ ኮምፒውተር አጥፋልኝ አልኩት፤ ከሪሳይክል ቢኑም ጭምር። ከገጽ 42 ጀምሮ አተመልኝ፣ የእሑዱን አላስከፈለኝም።

ቶነር_አለቀ፣ ማክሰኞ ብሰማህ ኖሮ ተኝቼ አድር ነበር። ግን የቃለ መጠይቆቹ ድምፆች የትም ቅጂ አልነበራቸውም፤ እነሱን ያዳነልኝ መበየጃ ነው። ፔንግዊን፣ ያንተም ፎቶሬክ። የሁላችሁንም ውለታ አልረሳም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ፍላሹን ልጣለው ወይስ ይሠራል?

መበየጃ — ኀሙስ ቀን 8:30

ቅጂው ላፕቶፕሽ ላይ እስካለ ድረስ ምንም ብታደርጊው አይጎዳሽም። ሙሉ ፎርማት አድርጊው (ፈጣን የሚለውን ምልክት አንሺ)፣ ከዚያ ፔንግዊን ለአጅማኑ ወንድማችን በነገረው ፕሮግራም ፈትሺው። ካለፈ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ለዘፈን ይሆንሻል።

ፈጣኑ፣ አሁን መምጣት ትችላለህ።

ፈጣኑ — ኀሙስ ቀን 8:34

ማክሰኞ ማታ 2:21 ላይ ነግሬአችሁ ነበር እኮ 😎